አልጋው ተገኘ፤ አድራሻስ?

አዲስ አበባ ውስጥ ጎዳና ስለሚያድሩ ሰዎች ስናወራ ወሬያችን ብዙ ጊዜ ከዳቦና ከብርድ ልብስ አያልፍም። ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ግን ከጎዳና መውጣት የፈለገ ሰው በየደረሰበት የሚጠየቀው ሌላ ነገር ነው፤ ቅድሚያ ክፍያና መታወቂያ።

እስቲ ሒሳቡን እንየው። የቀን ሥራ የሚሠራ አንድ ልጅ ለአዳር በቀን 50 ብር ይከፍላል እንበል። በወር 1,500 ብር ሆነ ማለት ነው። ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ቢያዋጣ 4,500 ብር። ለአንዲት ጠባብ ክፍል መነጋገሪያ የሚሆን ገንዘብ ነው። ችግሩ አከራይ በየቀኑ 50 ብር አይቀበልም። ስለዚህ ደሞዝተኛው ቤትን በጅምላ ሲገዛ፣ የቀን ሠራተኛው በችርቻሮ ይገዛል። በችርቻሮ የገዛ ደግሞ ምንጊዜም ይወደድበታል።

በ2016 ዓ.ም. የወጣው የቤት ኪራይ ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1320 ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር እንዳይበልጥ፣ የውል ዘመንም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ደንግጓል። ተከራይ ለሆንን ሰዎች እፎይታ ነው። ላስቲክ ስር ለሚያድር ሰው ግን የሁለት ወሩም ተራራ ነው።

የመንግሥት ቤትስ? በ2005 ዓ.ም. ምዝገባ የተደረገበት የ10/90 ኮንዶሚኒየም ለዝቅተኛ ገቢ የታሰበ ነበር፤ ነገር ግን በየወሩ ቆጥቡ ይል ነበር። ዛሬ ሠርቶ ዛሬ የሚበላ ሰው ከምኑ ይቆጥባል? የቀበሌ ቤትም ቢሆን ለተመዘገበ ነዋሪ ነው። ነዋሪ ለመሆን መታወቂያ፣ መታወቂያ ለማውጣት አድራሻ፣ ከክፍለ ሀገር ለመጣ ደግሞ መሸኛ ያስፈልጋል። አድራሻ ለማግኘት ቤት፣ ቤት ለመከራየት መታወቂያ! በቃ፣ ክብ ነው።

እንደ መቄዶንያ ያሉ ማዕከላት ጧሪ ያጡ አረጋውያንንና የአእምሮ ሕሙማንን ከጎዳና አንስተው ያኖራሉ። ለእነሱ ማዕከሉ ቤታቸው ነው። መሥራት የሚችለው ወጣት የሚያስፈልገው ግን ሌላ ነው፤ ለጥቂት ወራት የሚያርፍበት አልጋ፣ ከዚያም ወደ ኪራይ ቤት የሚያሻግረው ድልድይ።

ድልድዩ ከባድ አይደለም። አንደኛ፣ መጠለያው ራሱ ለመታወቂያ ማውጫ አድራሻ ሆኖ ይቆጠር። ሁለተኛ፣ የሁለት ወሩን ቅድሚያ ክፍያ ድርጅት ወይም ዕድር በቀጥታ ለአከራዩ ይክፈል፤ ልጁም ቀስ እያለ ይመልስ። ዕቁብ የጣለ ሰው ይሄ አሠራር አይጠፋውም።

ፋይዳ በበኩሉ ሰነድ የሌለው ሰው በምስክር የሚመዘገብበት መንገድ አለው። ማንነትን እንጂ ነዋሪነትን አያረጋግጥም፤ ቢሆንም ጅምር ነው። ሰፈራችሁ ውስጥ በስሙ የምትጠሩት የጎዳና ልጅ ካለ፣ ከዳቦው በተጨማሪ “ፋይዳ አውጥተሃል ወይ?” ብላችሁ ጠይቁት። ካላወጣ ደግሞ አብራችሁት ሂዱ።