ሲበርደው ሻጋታ፣ ሲሞቀው እርሾ፦ ቲቢ መስሎ የሚያታልለው ፈንገስ

መሶብ ውስጥ የሰነበተ እንጀራ ላይ የሚወጣውን ጸጉራም ሻጋታ ሁላችንም እናውቀዋለን። ዳቦ የሚያስነሳውን እርሾም እንደዚያው። ሁለቱም ፈንገስ ናቸው። ዛሬ የምናወራው ግን አንዱ ራሱ ሁለቱንም ስለሚሆን ፈንገስ ነው፤ ስሙ ሂስቶፕላዝማ ይባላል።

አፈር ውስጥ፣ በተለይ የወፍና የሌሊት ወፍ ኩስ በተጠራቀመበት ቦታ፣ ሻጋታ ሆኖ ይኖራል። ዋሻ ስንገባ ወይም ያረጀ የዶሮ ቤት ስንጠርግ ከአቧራው ጋር ዘሩን በትንፋሽ እንስበዋለን። ሰውነታችን ውስጥ ሙቀቱ 37 ዲግሪ ነው። ይሄኔ ሻጋታነቱን ይተውና እርሾ ይሆናል፤ ሊውጡት በመጡት የመከላከያ ህዋሳት ውስጥ ገብቶም ይራባል። አብዛኛው ሰው ሳይታወቀው ያልፈዋል። የመከላከል አቅሙ በተዳከመ ሰው ላይ፣ በተለይ ኤች አይ ቪ ኖሮበት ሕክምና ባልጀመረ ሰው ላይ ግን መላ ሰውነት ውስጥ ተሰራጭቶ ሊገድል ይችላል።

ምልክቶቹ ትኩሳት፣ ሳል፣ የሌሊት ላብና የክብደት መቀነስ ናቸው። ቲቢ አላችሁ አይደል? ሐኪሙም መጀመሪያ የሚያስበው እሱን ነው። የቲቢ መድኃኒት ደግሞ ፈንገስ አይነካም። በሽተኛው ክኒኑን በትክክል እየዋጠ ሊባባስበት ይችላል ማለት ነው።

ፈንገሱን መጀመሪያ ያየው ሰው ራሱ ተሸውዷል። ሳሙኤል ዳርሊንግ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1905 ፓናማ ውስጥ፣ ቦዩ በሚቆፈርበት ጊዜ፣ ከማርቲኒክ የመጣ የአንድ ሠራተኛ አስከሬን መረመረ። ሳንባው ቲቢ የያዘው ይመስል ነበር። በማይክሮስኮፕ ሲያየው ግን ህዋሳቱ ውስጥ ትናንሽ ክብ ነገሮች አገኘ፤ የካላዛር ዓይነት ጥገኛ ተህዋስ መሰሉት። ሽፋን ያላቸውም መስሎት «ካፕሱላተም» የሚል ቅጽል ጨመረላቸው። ተህዋስም አይደለም፣ ሽፋንም የለውም! ፈንገስ ነው የተባለው በ1912 ሲሆን፣ በላብራቶሪ አድጎ ሁለት መልኩ የታየው በ1934 ነው። ስሙ ግን እስካሁን ያው ነው።

ይሄ መምታታት ታሪክ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እኛ አገር መተማና ሁመራ አካባቢ ካላዛር አለ፤ የሁለቱ ናሙና ዛሬም ይመሳሰላል። ባለሙያው የሚፈልገው ትንሽ ነገር ነው፦ የካላዛሩ ተህዋስ ከኒውክለሱ አጠገብ ትንሽ ዘንግ አለችው፣ ሂስቶፕላዝማ የለውም። በብር ቀለም ሲነከር ደግሞ ፈንገሱ ጠቁሮ ይወጣል።

ናሙናው ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ባለው ሙቀት ሲቀመጥ ሻጋታው ይበቅላል፤ ሳምንታት ይፈጃል። ዘሩ ትልቅ፣ ክብ፣ ዙሪያውን ጉብታ ያለው ነው፤ የጉሎ ፍሬ ይመስላል። ግን እንጉዳይ ላይ የሚበቅል ሴፔዶኒየም የሚባል ሌላ ፈንገስም ቁርጥ እሱን ነው። ድሮ የሚለዩት 37 ዲግሪ ላይ አስቀምጠው እርሾ እስኪሆን በመጠበቅ ነበር፤ ሴፔዶኒየም አይቀየርም። ሂስቶፕላዝማም ቢሆን እሺ እስኪል ጊዜ ይወስዳል። አሁን በዲ ኤን ኤ ማረጋገጥ ይቻላል።

እኛን ያስገረመን ሌላ ነው። በሽተኛው ቢያስልባችሁ አይተላለፍባችሁም። የሚያስፈራው ላብራቶሪ ውስጥ ያደገው ሻጋታ ነው፤ ሳህኑ እንደዋዛ ጠረጴዛ ላይ ቢከፈት ዘሩ ይበናል። ስለዚህ የሚከፈተው በልዩ የደህንነት ሳጥን ውስጥ ብቻ ነው። ሐኪሙ የጠረጠረውን የምርመራ ወረቀቱ ላይ መጻፍ ያለበትም ለዚህ ነው፤ ካልጻፈ ባለሙያው ምን እንደሚከፍት አያውቅም።

ፈጣኑ መንገድ የሽንት ምርመራ ነው። የፈንገሱን ቁራጭ ሽንት ውስጥ ይፈልጋል፤ ሳምንታት መጠበቅ የለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ይህን ምርመራ ከመሠረታዊ ምርመራዎች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። በ2022 ደግሞ ሂስቶፕላዝማን ከፍተኛ ትኩረት ከሚሹት ፈንገሶች መድቦታል።

በጊዜ ከታወቀ መድኃኒት አለው። ሲጠና አምፎተሪሲን በመርፌ ይሰጣል፤ ቀጥሎ ለወራት ኢትራኮናዞል ይዋጣል። ሳሉ አልለቅ ያላችሁና የቲቢ ምርመራው «የለም» ያላችሁ ካላችሁ፣ ዋሻ ገብታችሁ ወይም የዶሮ ቤት ጠርጋችሁ ከነበር ለሐኪሙ ንገሩት፤ ካልነገራችሁት ላይጠይቃችሁ ይችላል።