ከገንዳው የጎደለው ውሃ የት ገባ?

«ካልጋሪ ደረቅ አገር ነው፤ ከገንዳው የሚወጣው እንፋሎት ለቤቱ መድኃኒት ነው።» ትልቅ የባሕር ውሃ አኳሪየም ቤታቸው ካስገቡ ሰዎች ይህን ደጋግሜ እሰማለሁ። ግማሹ እውነት ነው። በብርዱ ወራት እዚህ አፍንጫ ይደማል፣ ከንፈር ይሰነጠቃል፣ የወለሉ እንጨት እየተኮማተረ መገጣጠሚያው ይከፈታል። ትንሽ ገንዳ ያለበት ሳሎን ውስጥ የተቀመጠ ሰው ትንፋሹ ይቀለዋል። ነገሩ የሚበላሸው መጠኑ ሲያልፍ ነው። ከ800 እስከ 1000 ሊትር የሚይዝ፣ ላዩ ክፍት የሆነ፣ ከሥሩም ሌላ የማጣሪያ ገንዳ ያለው የኮራል አኳሪየም በቀን 10 ሊትር ውሃ ቢያተን አይገርምም። ያ ሁሉ የሚገባው መስኮቱ ከኅዳር እስከ መጋቢት ተዘግቶ በሚከርም ቤት አየር ውስጥ ነው። ሰሜን ምሥራቅ ካልጋሪ ባለው ማርቲንዴል ሰፈር ውስጥ ደግሞ ላይ አንድ ቤተሰብ፣ ቤዝመንቱ ውስጥ ሌላ ቤተሰብ የሚኖርበት ቤት ብዙ ነው፤ የሁሉም ሻወር፣ የሁሉም ድስት፣ የሳምንቱ የእንጀራ ጋገራ እንፋሎት በዚያ ላይ ይደመራል።

የገንዳ ባለቤቶች ሙቀቱን የኮራሉ ጉዳይ፣ እርጥበቱን የቤቱ ጉዳይ አድርገው ለየብቻ ያዩታል። ሁለቱ ግን አንድ ሒሳብ ናቸው። አንድ ሊትር ውሃ ከ25 እስከ 26 ዲግሪ ከሚሞቅ ገንዳ ተንኖ ሲወጣ ወደ 0.68 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠጋ ሙቀት ይዞ ይሄዳል። 10 ሊትር ሲሆን በቀን ወደ 7 ኪሎዋት ሰዓት ይደርሳል፤ 280 ዋት የሚበላ ማሞቂያ ሌሊትና ቀን ሳይጠፋ ቢሠራ የሚሰጠው ሙቀት ማለት ነው። አልበርታ ውስጥ ኤሌክትሪክ ከተፈጥሮ ጋዝ በብዙ ስለሚወደድ ወጪው በየወሩ ቢል ላይ ይታያል። ይህ ሙቀት ደግሞ የትም አልጠፋም። እንፋሎቱ ውስጥ ተደብቆ ይዞርና ቀዝቃዛ ነገር ሲያገኝ ሙቀቱን እዚያው ጥሎ ተመልሶ ውሃ ይሆናል፤ የምጣዱ እንፋሎት አክንባሎው ላይ እንደሚያንጠባጥበው። ከገንዳው የጎደለው ውሃ በር ከፍቶ እስካልወጣ ድረስ ቤቱ ውስጥ አለ።

«እርጥበቱ 40 በመቶ ከሆነ ጤናማ ነው» የሚለውም ውጭው ምን ያህል እንደቀዘቀዘ ሳይጠይቅ የሚነገር ነው። 21 ዲግሪ በሞቀ ክፍል ውስጥ እርጥበቱ 40 በመቶ ከሆነ፣ 7 ዲግሪ የደረሰ ማንኛውም ነገር ላይ ጤዛ መያዝ ይጀምራል። ውጭው ከዜሮ በታች 25 ሲሆን የመስታወቱ የታችኛው ጠርዝ ከዚያ በጣም ይወርዳል። ሄልዝ ካናዳ በብርድ ወቅት 30 በመቶ አካባቢ እንዲሆን ይመክራል፤ ብርዱ ከዜሮ በታች 30 ሲደርስ ግን ከ15 እስከ 20 በመቶ መውረድ አለበት። አንድ ወዳጄ ቤት ያየሁትን ልናገር። መለኪያው ሳሎኑ መሐል ተሰቅሎ 38 ይላል፤ ቤተሰቡም ተረጋግቷል። መጋረጃውን ገለጥ ስናደርግ የመስኮቱ ሁለት የታች ማዕዘን የጣት ውፍረት ያለው በረዶ ጋግሯል፣ የደፉ ቀለም እንደ ፊኛ ተነፍቷል፣ ከሥሩ ያለው እንጨት በጥፍር ሲጫኑት ይገባል። ጥቁር ነጥቦቹ ሻጋታ ነበሩ። መለኪያ የሚሰቀለው ቤቱ ውስጥ ከሁሉ በሚቀዘቅዘው መስኮት አጠገብ ነው።

ከሁሉ የከፋው ስሕተት ግን ያለው ከኮርኒሱ በላይ፣ አቲኩ ውስጥ ነው። የሞቀና የረጠበ አየር ወደ ላይ ይወጣል፤ በመብራት ቀዳዳ፣ በኤሌክትሪክ ገመድ ማለፊያ፣ በአቲኩ መክፈቻ ዳር ሾልኮ ጣሪያው ሥር ይገባል። እዚያ ብርድ ይጠብቀዋል፤ በጣውላውና በሚስማሩ ጫፍ ላይ እንደ አመዳይ ይጋገራል። ሁለት ሦስት ሳምንት ብርዱ ካልለቀቀ በረዶው ይወፍራል። ከዚያ ከሮኪ ተራሮች የሚወርደው ሞቃት ነፋስ፣ ቺኑክ፣ ይመጣል፤ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ሙቀቱ ከ20 ዲግሪ በላይ ሊዘል ይችላል። የተጋገረው ሁሉ በአንድ ጊዜ ይቀልጣል። ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ከኮርኒሱ መብራት ዙሪያ ቡናማ እድፍ ይሰፋል፣ ውሃ ይንጠባጠባል። የካልጋሪ ሰው ይህን «የአቲክ ዝናብ» ይለዋል። ባለቤቱ «ጣሪያዬ ተቀደደ» ብሎ ጣሪያ ሠሪ ይጠራል፤ የበረዶ ጠጠር ከጣለው እ.ኤ.አ. ከ2020ው ማዕበል ወዲህ ሰሜን ምሥራቅ ካልጋሪ የሚኖር ሰው ጣሪያውን ቢጠረጥር አይፈረድበትም። ጣሪያው ግን ደህና ሊሆን ይችላል። ውሃው የመጣው ከሳሎኑ ገንዳ ነው።

«ውጭው በረዶ ነው፤ አየር ባስገባ እርጥበት እጨምራለሁ» የሚል ፍርሃትም አለ። ተቃራኒው ነው። የቀዘቀዘ አየር ብዙ ውሃ መሸከም አይችልም። ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ የሆነ አየር በአንድ ሜትር ኩብ 1 ግራም የማይሞላ ውሃ ነው የሚይዘው፤ ቤታችን ውስጥ 21 ዲግሪ ሞቆ እርጥበቱ 30 በመቶ የሆነው ግን 5.5 ግራም ያህል ይዟል። አንዱን አስወጥተን ሌላውን ስናስገባ በየሜትር ኩቡ 4.5 ግራም ገደማ ይወጣልናል። 10 ሊትሩን ለማስወጣት በሰዓት 90 ሜትር ኩብ አካባቢ መለዋወጥ ያስፈልጋል ማለት ነው፤ በፋን ሣጥን ላይ በሚጻፈው መለኪያ 50 ሲኤፍኤም ይሆናል። ተራ የሻወር ቤት ፋን ይህን ይችላል። ነገር ግን በዚያ ብርድ የሚገባውን አየር ማሞቅ ያለማቋረጥ ከ1 ኪሎዋት በላይ ይጠይቃል። ኤችአርቪ የሚባለው አየር መለዋወጫ ዋጋው የሚወጣው እዚህ ላይ ነው፤ ከሚወጣው አየር ሙቀቱን ነጥቆ ለሚገባው ይሰጣል። ስሙ የሚቀራረበው ኢአርቪ ግን ከእርጥበቱም ከፊሉን ስለሚመልስ በብርድ ወራት ለገንዳ ቤት አይሆንም።

ፋን ብቻ የሚጠቀም ሰው አንድ ነገር እንዳይዘነጋ አጥብቄ እለምናለሁ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹና በ90ዎቹ በተሠሩ የማርቲንዴል ቤቶች ውስጥ ጭሱን በራሱ ወደ ላይ በሚሳብ ቱቦ የሚያወጣ የጋዝ ውሃ ማሞቂያ አሁንም ሊገኝ ይችላል። ኃይለኛ ፋን ምትክ አየር ሳይኖረው ሲስብ ጭሱን ወደ ቤት ሊመልሰው ይችላል፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ ሽታ የለውም። ፋኑን ከመስቀል በፊት ማሞቂያውን የጋዝ ባለሙያ ይየው፤ ጠቋሚ መሣሪያውም ሰው የሚተኛበት ወለል ሁሉ ላይ ይኑር። የፋኑ ቱቦ አቲኩ ውስጥ አይቅር፣ በሙቀት መከላከያ ተጠቅልሎ እስከ ውጭ ይዝለቅ። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ምንም የማያስወጣ ሥራ አለ፦ ቤቱን በሚያሞቀው ፈርነስ ላይ የተገጠመ እርጥበት መጨመሪያ ካለ መዝጋት። ገንዳውም ፈርነሱም ውሃ ሲረጩ የከረሙበት ቤት ጥቂት አይደለም።

«ገንዳውን ብከድነውስ?» ትነቱ በእርግጥ ይቀንሳል። ነገር ግን የመብራቱና የፓምፑ ሙቀት መውጫ አጥቶ ውሃውን ያሞቀዋል፤ ኦክስጅን የሚገባበትና ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚወጣበት የውሃው ፊትም ይታፈናል። በተዘጋ ቤት ውስጥ የሰው ትንፋሽ ራሱ የገንዳውን ፒኤች ወደ 7.8 እና ከዚያም በታች ያወርደዋል፤ «ኬሚካል ጎደለው» ብለው ጠርሙስ የሚገዙ አሉ፤ የጎደለው ንጹሕ አየር ነው። እርጥበቱን የሚያስወጣው አየር መለዋወጫ ይህንንም አብሮ ይፈታል።

እርጥበት መምጠጫ ማሽን፣ ዲሁሚዲፋየር፣ ክፍል ያቀዘቅዛል የሚሉም አሉ። አያቀዘቅዝም። እንፋሎቱ ተሸክሞት የነበረውን ሙቀት ክፍሉ ውስጥ ይለቃል፣ የራሱን ኤሌክትሪክም በሙቀት ይጨምርበታል። በጥር ቤዝመንት ውስጥ ይህ ይጠቅማል፤ በሐምሌ ግን ጣጣ ነው። ባልዲው ውስጥ የሚጠራቀመውን ውሃ «ንጹሕ ነው» ብሎ ወደ ገንዳው መመለስ ደግሞ ሽሪምፑንና ቀንድ አውጣውን መግደል ሊሆን ይችላል፤ መዳብ ካለው ቱቦ ላይ የተንጠባጠበ ነውና። የጎደለው መተካት ያለበት በተጣራ ጨው አልባ ውሃ ነው፤ የሚተነው ውሃው ብቻ ስለሆነ ጨው ውሃ ቢጨመር ጨዋማነቱ በየቀኑ ይወጣል። ከባውና ከኤልቦ ወንዞች የሚመጣው የካልጋሪ የቧንቧ ውሃም ማዕድን ስለሚበዛው ሳይጣራ አይገባም። «ጨዋማው እንፋሎት ቤቱን አዛገው» የሚባለው እንግዲህ በዚህ ይወድቃል፤ ዝገቱን የሚያመጣው አረፋ ሲፈነዳ የሚረጨው ጠብታ ነው፣ እሱም ከገንዳው ብዙ አይርቅም።

በበጋው ሒሳቡ ይገለበጣል። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 10 ቀን 2018 ካልጋሪ 36.5 ዲግሪ ደርሳለች፤ ማቀዝቀዣ የሌለው ቤት ውስጥ ያለ ኮራል እንዲህ ባለው ቀን ቀለሙን ጥሎ ሊነጣ ይችላል። ብዙዎች ወዲያው ቺለር ይገዛሉ፤ ቺለር ግን እንደ ማንኛውም ማቀዝቀዣ ከውሃው ያወጣውን ሙቀት ከነሞተሩ ክፍሉ ውስጥ ይተፋል። ከገንዳው ሥር ካቢኔ ውስጥ ከተዘጋበት የተፋውን መልሶ ይስባል። እዚህ ሌላ መንገድ አለን። በውሃው ፊት ላይ የሚነፋ ትንሽ ፋን በካልጋሪ ደረቅ አየር ገንዳውን ሁለት ሦስት ዲግሪ ያወርደዋል፤ ምጽዋ ቢሆን አየሩ ውሃ ጠግቦ ስለሚውል ይህን ያህል አይሠራም። ፋኑን ውሃው 26.5 ሲደርስ ከሚያበራው፣ 26 ሲሆን ከሚያጠፋው መቆጣጠሪያ ጋር አያይዞ፣ ሌሊቱ ሲበርድ መስኮት ከፍቶ እርጥቡን አየር መልቀቅ ነው። ፋኑ ትነቱን ስለሚጨምር የውሃ መተኪያው ዕቃ በእነዚያ ቀናት ጠዋት ጠዋት ይታይ።