ያውቁ ኖሯል? የገዛ ደሙን የሚያጠቃ ሰውነት

ሰውነት አንዳንዴ የራሱን ቀይ የደም ሴሎች እንደ ባዕድ ቆጥሮ አንቲቦዲ እንደሚያመርትባቸው ያውቁ ኖሯል? የዚህ ሕመምተኛ ሴረም (ሴሎቹ ሲለዩ የሚቀረው የደም ፈሳሽ) ከየትኛውም ለጋሽ ሴል ጋር ቢገናኝ ያጓጉለዋል፤ የሚስማማው ደም ያለ አይመስልም።

ባለሙያውን የሚያስጨንቀው ግን ከዚህ ጀርባ የተደበቀው ነው። ቀደም ሲል ደም በመውሰድ ወይም በእርግዝና የተፈጠረ ሌላ አንቲቦዲ እዚያው ሊኖር ይችላል፤ የሚሰጠውን ደም በድንገት የሚያፈርሰው እሱ ነው።

ይህን የተደበቀ አንቲቦዲ ለማግኘት የሕመምተኛው የራሱ ሴሎች እንደ ስፖንጅ እንደሚያገለግሉስ ያውቁ ኖሯል? ሴሎቹና ሴረሙ በ37 ዲግሪ ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት አብረው ይቆያሉ። ሴንትሪፊውጁ ሲሽከረከር ሴሎቹ ራስን የሚያጠቃውን አንቲቦዲ ይዘው ከቱቦው ታች ይወርዳሉ፤ ላይ የቀረው ሴረም ተቀድቶ ይመረመራል። ካልጠራ በሌሎች የራሱ ሴሎች ይደገማል።

ሴሎቹ አስቀድመው በአንቲቦዲ ስለተሸፈኑ ግን ተጨማሪ የሚይዙበት ብዙ ቦታ ላይተርፋቸው ይችላል። ይህን ሽፋን ለማራገፍ ከሚያገለግሉት ኬሚካሎች አንዱ ፓፔይን ነው፤ የሚገኘውም ከጥሬ ፓፓያ ወተት!

ሕመምተኛው ባለፉት 3 ወራት ደም ወስዶ ከሆነ ይህ መንገድ ይዘጋል። ቀይ ሴል 120 ቀን ያህል ስለሚኖር የለጋሹ ሴሎች ገና በሰውነቱ ውስጥ አሉ፤ የምንፈልገውን አንቲቦዲ እነሱ ይውጡታል። ስለዚህ “ደም ወስደው ያውቃሉ? መቼ?” የምትለው ጥያቄ ከብዙ መሣሪያ ትበልጣለች።

ያኔ ሴረሙ ለሦስት ተከፍሎ ዓይነታቸው በታወቀ የለጋሽ ሴሎች ይታጠባል። ለምሳሌ አርኤች ዲ የተባለው አንቲጅን (በሴሉ ገጽ ላይ ያለ ምልክት) የሌለው ሴል በዚያ ላይ የተነሣውን አንቲ ዲ አይነካውም፤ አንቲቦዲው ሴረሙ ውስጥ ቀርቶ ይጋለጣል። ሁሉም ሰው ማለት ይቻላል ባለው አንቲጅን ላይ የተነሣ አንቲቦዲ ግን በዚህ ዘዴ ያመልጣል።

ቅዝቃዜ የሚወዱት አንቲቦዲዎች ደግሞ በ4 ዲግሪ ይለቀማሉ። የጥንቸል ቀይ ሴል ሽፋንም ለዚሁ ይውላል፤ ጉዳቱ አንቲ ቢንም ጠራርጎ መውሰዱ ነው፣ ስለዚህ ለደም ዓይነት ምርመራ አይታመንም።

ይህ ሁሉ እጥበት የሚካሄደው ቱቦ ውስጥ ብቻ መሆኑንስ ያውቁ ኖሯል? በሕመምተኛው የደም ሥር የሚዘዋወረው አንቲቦዲ እንዳለ ነው፤ የተሰጠው ደም ዕድሜ ከራሱ ደም ዕድሜ ብዙም ላይረዝም ይችላል። ሕይወቱ አደጋ ላይ ከሆነ ግን ደም አይከለከልም።