ኦሮማይን ዳግመኛ ስናነብ

«ኦሮማይ» ከኢጣልያንኛ ወደ አስመራ ሰው አፍ የገባ ቃል ነው፤ «አበቃ፣ ከእንግዲህ ወዲያ የለም» እንደ ማለት ነው። በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. ያሳተመው ይህን ቃል ስም ያደረገ ልብ ወለድ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ። ደራሲው ከሥራው ተሰናበተ። የካቲት 6 ቀን 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ አልተመለሰም፤ መኪናው ወደ ደብረ ዘይት በሚወስደው መንገድ ላይ ቆማ ተገኘች።

ይህ ነገር ብዙ ጊዜ ተነግሯል። ምናልባትም መጽሐፉን ረጋ ብለን እንዳናነብ ያደረገን ይኸው ሳይሆን አይቀርም። እኔም አማኑኤል ሳለሁ መጀመሪያ ሳነበው፣ በየምዕራፉ የሚገባውን ባለሥልጣን ሁሉ «ይህ እገሌ ነው» እያልሁ ስገምት ነበር የጨረስሁት። ወርቁን አገኘሁ ብሎ ሰሙን እንደሚጥል የቅኔ ጀማሪ ሆኜ ነበር ማለት ነው።

በጥር 1974 ዓ.ም. የተጀመረው የቀይ ኮከብ ዘመቻ ሁለገብ ተብሎ ነበር። ጦሩ ናቅፋን ሊይዝ፣ ሲቪሉ ደግሞ ኤርትራን መልሶ ሊያቋቁም ታስቦ ነበር። ናቅፋ ግን አልተያዘም። በዓሉ ራሱ በዘመቻው የማስታወቂያ ሥራ ላይ ስለ ነበር ነገሩን ከቅርብ አይቶታል። ዋናው ባለታሪክ ጸጋዬ ኃይለ ማርያምም የፕሮፓጋንዳው ኃላፊ ነው። እንግዲህ ልብ ሊባል የሚገባው ይህ ነው፤ መጽሐፉ ከባለሥልጣኖቹ ይልቅ አጥብቆ የሚመረምረው ድሉ ሳይገኝ የድሉን ዜና እንዲያዘጋጅ የታዘዘውን ሰው ነው። ከሳሹም ተከሳሹም አንድ ብዕር ነው።

በዚያ ግንባር የነበሩ አንድ የሰፈራችን አባት ስለ መጽሐፉ ብጠይቃቸው፣ «እኛ የምናየው ሌላ፣ ሬዲዮው የሚለው ሌላ ነበር፤ እኔን የገረመኝ የሬዲዮው ሰው መጻፉ ነው» አሉኝ። ከብዙ ሐያሲ ይልቅ እኒህ አባት ነገሩን አግኝተውታል።

በሌላውም ዓለም ስለ ጦርነት የተጻፈ ልብ ወለድ ክርክር አስነሥቷል። አሜሪካዊው ሮበርት ሃይንላይን በ1959 እ.ኤ.አ. ባሳተመው «ስታርሺፕ ትሩፐርስ» መምረጥ የሚችለው በፈቃዱ መንግሥትን ያገለገለ ብቻ የሆነበትን የወደፊት ዓለም ስላሳየ፣ ወታደርነትን አመለከ ተብሎ ተወቀሰ። ቬትናም የዘመተው ጆ ሃልድማን በ1974 እ.ኤ.አ. ያወጣውን «ዘ ፎርኤቨር ዋር» ብዙዎች እንደ መልስ ያነቡታል። እዚያ መጽሐፍ በመጽሐፍ ተመለሰ። በዓሉ ግን መልስ የሚጽፍለት አላገኘም።

መጽሐፉ ጉድለት የለውም አልልም። የፊያሜታ ጊላይ ፍቅር አንዳንድ ቦታ ጦርነቱን ይጋርደዋል። የኤርትራ ታጋዮች ለምን እንደሚዋጉም በአብዛኛው የምንሰማው ከአዲስ አበባ በሄደ ሰው ጆሮ ነው፤ አንድ የአስመራ አንባቢ ይህን ቢቃወም ልንቆጣ አይገባንም።

በ2025 እ.ኤ.አ. ኦሮማይ በእንግሊዝኛ ታትሟል። የዚያ አንባቢ የደርግን ባለሥልጣኖች በመልክ አያውቃቸውም፤ «ይህ እገሌ ነው» ሊል አይችልም። ከፊቱ የሚያገኘው ጸጋዬን ነው።