ጉልበቱ የተተካ ሰው እንዴት ይነሣል?

ያረጀ የጉልበት መገጣጠሚያ ብረትና ፕላስቲክ በሆነ ሲተካ፥ ቤተ ዘመድ አዝኖ በሽተኛውን «አትነሣ፥ ዕረፍ» ይለዋል፤ ከጉልበቱም ሥር ትራስ ያኖርለታል። ይህ ርኅራኄ ግን ይጎዳዋል። ታጥፎ የሰነበተ ጉልበት መዘርጋት ይሳነዋልና፥ ትራሱ ከቁርጭምጭሚቱ ሥር ይሁን።

ሐኪም ከፈቀደ፥ በዚያው ቀን ወይም በማግሥቱ በምርኩዝ መቆም ይገባል። በአልጋ ላይ ሳሉም የእግርን ጫፍ ሽቅብና ቁልቁል ማንቀሳቀስ ደም በባት ውስጥ እንዳይረጋ ይረዳል። እግርን ዘርግቶ የጭንን ጡንቻ ማጥበቅ፥ እስከ 5 ቈጥሮም መልቀቅ፥ ይህንኑ 10 ጊዜ መደጋገም ጉልበትን ያጸናል።

መጠነኛ ሕመም አያስፈራ፤ ዳሩ ግን ባት አብጦ ቢያም፥ ቁስሉ መግል ቢይዝ፥ ይልቁንም ትንፋሽ ቢያጥር፥ ሰዓት ሳያሳልፉ ወደ ሐኪም ቤት መድረስ ነው።

እንግዲህ ለበሽተኛው ከትራስ ይልቅ ክንዳችሁን አቅርቡለት።