የጓደኛ ቮልስ በ17 ሳንቲሜትር

ቮልስ ከፋብሪካ ስትወጣ ከእህቶቿ አትለይም። አዲስ አበባ ገብታ ሃምሳ ዓመት ከተነዳች በኋላ ግን ነገሩ ይለወጣል። አንዱ ባለቤት ስፖኪዮ ይቀይራል፣ ሌላው ፖርቶ መጋላ ያስበይዳል፣ ባትላሜራው የተጋጨውን ያቃናል፣ ቀለም ቀቢው ከነባሩ ትንሽ የሸሸ ቀለም ይጨምርበታል። ገርጂ ወይም ቦሌ ሚካኤል አጥር ሥር የቆመች አንዲት ቮልስ እንዲህ እንዲህ እያለች በዓለም ላይ መንትያ የሌላት መኪና ትሆናለች። እዚህ የምናስተዋውቀው ሙያ ያችን መንትያ የሚፈጥር ነው፤ ከተገጣጣሚ የፕላስቲክ ሞዴል ተነስቶ፣ 24 ጊዜ አሳንሶ፣ የአንድ የሚያውቁት ሰው መኪና እስክትመስል ድረስ እየቆረጡና እየጨመሩ መሥራት።

ሞዴሉ በካርቶን ታሽጎ ይሸጣል። ሲከፈት መኪናው የለም፤ ያለው በፕላስቲክ ክፈፍ ላይ የተንጠለጠለ ብትን አካል ነው። በር፣ መሪ፣ ወንበር፣ ቸርኬ፣ ማርሚታ፣ ሁሉም ለየብቻው ተቀርጿል። ፕላስቲኩ ፖሊስታይሪን ይባላል። ማጣበቂያው እንደ ተራ ሙጫ በሁለት ነገር መካከል የሚቀር አይደለም፤ የሁለቱንም ጠርዝ አቅልጦ አንድ አካል ያደርጋቸዋል። መመሪያውን የተከተለ ሰው በትዕግሥት ፋብሪካው ያሰባትን መኪና ያገኛል። የጓደኛውን መኪና የፈለገ ሰው ግን መመሪያውን ለግማሽ መንገድ ብቻ ነው የሚጠቀምበት።

ሞዴልን እንደወደዱ መለወጥ አዲስ ሐሳብ አይደለም። ኤኤምቲ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በመጀመሪያ የሚሠራው የመኪና ሻጮች ለማስተዋወቂያ የሚጠቀሙባቸውን ትናንሽ መኪኖች ነበር። እ.ኤ.አ. በ1958 ከአንድ ካርቶን ሦስት ዓይነት መኪና የሚወጣበት ሞዴል ለገበያ አቀረበ፤ እንደ ፋብሪካው፣ እንደ ባለቤቱ ምርጫ፣ ወይም ለውድድር። ጃፓኖቹ ደግሞ ጥራቱን ወደ ሌላ ደረጃ ወሰዱት። ሺዙኦካ ከተማ ያለው ታሚያ እ.ኤ.አ. በ1946 የተመሠረተው የእንጨት መሰንጠቂያ ሆኖ ነው፤ የመጀመሪያውን የፕላስቲክ ሞዴል ያወጣው በ1960 ነበር። ፖርሸን በአንድ ለ12 መጠን ሊሠሩ ባሰቡ ጊዜ እውነተኛ ፖርሸ 911 ገዝተው አካል ከአካሏ ፈታትተዋል። እኛ የጓደኛችንን መኪና መፍታት የለብንም፤ የማየት ትጋታቸውን ግን ብንወስድ አይከፋም።

ለጀማሪ ቮልስን የምመርጠው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ለዚህ ከተማ ባዳ አይደለችም። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ንጉሠ ነገሥቱን ከቤተ መንግሥት ያወጣው በቮልስ እንደነበር የማያውቅ አዲስ አበቤ ጥቂት ነው። ሁለተኛ፣ ሞዴሏ ይገኛል፤ ታሚያ እ.ኤ.አ. የ1966ቱን ቮልስ 1300 በአንድ ለ24 መጠን ያመርታል። እውነተኛዋ ርዝመቷ ከ4 ሜትር ትንሽ ይበልጣል፤ ሞዴሏ 17 ሳንቲሜትር ገደማ ናት። ከፊት ጎማ መሀል እስከ ኋላ ጎማ መሀል ያለው 2 ሜትር ከ40 ደግሞ ልክ 10 ሳንቲሜትር ይሆናል። ሒሳቡን ለመፈተሽ ከዚህ የተመቸ ልኬት የለም።

ዋናው ሥራ መኪናዋን ማንበብ ነው። ሊብሬው ላይ የተጻፈውን ዓመት አይመኑ፣ ወይም በእሱ ብቻ አይርኩ። የፊት መብራቷን ይዩ። እ.ኤ.አ. እስከ 1967 ሞዴል ያሉት ቮልሶች መብራታቸው ከፓራፋንጎው ጋር ወደ ኋላ ያዘነበለ መስታወት አለው፤ ከ1968 ሞዴል ጀምሮ ያሉት ቀጥ ብሎ የቆመ ነው። በዚያው ጊዜ ፓራኡርቲዋም ተለውጦ ከፍ ብሏል። ወደ ኋላ ዞረው ሞተሩን የሚከድነውን ኮፈን ይመርምሩ፤ የ1966ቷ ድፍን ነው፣ ኋላ የመጡት አየር ማስገቢያ ክፍተቶች አሏቸው። የኋላ መብራቷ ትልቅና ክብ ከሆነ ምንጩ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ነው።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው፤ ደስታውም እንዲሁ። የቮልስ አራቱም ፓራፋንጎዎች የሚታሰሩት በብሎን ስለሆነ ከአንዷ ተፈትተው ለሌላዋ ይገጠማሉ። በመሆኑም የ1966 ቮልስ የ1970ዎቹን ፓራፋንጎ ለብሳ ብትገኝ አይገርምም፤ በግራ አንድ ዓይነት፣ በቀኝ ሌላ ዓይነት ሊሆንም ይችላል። የፓራኡርቲ መያዣው ከፍታ ስለሚለያይ መካኒኩ አንድ ቦታ ቆርጦ፣ ሌላ ቦታ በይዶ አስተካክሎት ይሆናል። የፋብሪካውን መጽሐፍ የያዘ ሰው ይህን ሁሉ ስህተት ይለዋል። የጓደኛዎን መኪና ለሚሠሩት ለእርስዎ ግን እውነቱ እሱ ነው፤ ያንን ብየዳ ያልያዘ ሞዴል የማንም ቮልስ ነው።

ለመለካት እሑድ ጠዋት ጥሩ ነው፣ መንገዱም ጭር ይላል። በስልክ ከቅርብ የተነሳ ፎቶ አፍንጫዋን ያሳብጣልና ራቅ ብለው፣ ካሜራውን አጉልተው ያንሱ፤ ከፊት፣ ከኋላ፣ ከሁለቱም ጎን። በሩ ላይ አንድ ተራ የማተሚያ ወረቀት ለጥፈው ካነሱ የወረቀቱ ቁመት 29.7 ሳንቲሜትር ስለሆነ ቀሪውን ከፎቶው ላይ ማስላት ይቻላል። የመኪናዋ 1 ሳንቲሜትር በሞዴሏ ላይ ግማሽ ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። ስለዚህ 2 ሳንቲሜትር የገባ ጉድጓድ ከ1 ሚሊሜትር ያነሰ ፍቅፋቂ ይበቃዋል፤ በከተር ጫፍ ቀስ ብሎ መፋቅና በቀጭን ብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ ነው። ጀማሪ ሁሉ ጉድጓዱን አብዝቶ ያስገባል።

የሚጨመረው አካል ብዙውን ጊዜ ከእጅ አይርቅም። ከክፈፉ የተረፈው ፕላስቲክ በማጣበቂያው ውስጥ ተቆራርጦ ሲሟሟ ስቱኮ ይሆናል፤ ከሞዴሏ ጋር አንድ ዓይነት ስለሆነ ሲደርቅ አይነቀልም። ያንኑ ክፈፍ ሻማ ላይ አለስልሰው በሁለት እጅ ሲስቡት እንደ ፀጉር የቀጠነ አንቴና ይወጣዋል። የድሮ ሲዲ መያዣ ለመብራት ሽፋን ይሆናል። ፖርቶ መጋላ ከስልክ ገመድ መዳብ ይሠራል፤ ግማሽ ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ሽቦ 1.2 ሳንቲሜትር ቱቦን ይወክላል። ወፍራሙን የመብራት ሽቦ የተጠቀመ ሰው ቮልሷ ላይ የውሃ መስመር የጫነባት ይመስላል። በነገራችን ላይ ከሽቦ መኪና ሠርቶ በቆርኪ ጎማ የነዳ የሰፈር ልጅ የዚህን ሙያ ግማሽ ሳያውቀው ተምሮታል።

ቀለሙ ላይ ረጋ ማለት ያስፈልጋል። ሞዴሉን ከውጭ የሚመጣ ዘመድ በሻንጣው ሊያመጣልዎ ይችላል፤ ተቀጣጣይ ቀለም፣ ቲነርና ማጣበቂያ ግን በተሳፋሪ ሻንጣ በአውሮፕላን አይጓዙም፤ ዘመድዎን ቦሌ ላይ አያስቸግሩ። የመኪና ቀለም በማሽን የሚቀምሙ ቤቶች ትንሽ መጠን ሊያዘጋጁልዎ ይችላሉ፤ የጓደኛዎን የነዳጅ ክዳን ይዘው ቢሄዱ ጥሩ ናሙና ነው። የጋራዥ ቲነር ግን ፖሊስታይሪንን ይበላል። ስለዚህ ቀለሙን መጀመሪያ የተረፈ ክፈፍ ላይ ይሞክሩት፣ ቀጥሎም ሞዴሏን ፕራይመር ያልብሷት፣ ቀለሙን በስሱ ደጋግመው ይንፉ። የመኪና ቀለም ውፍረት በአማካይ የሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ገደማ ነው፤ ያንኑ ያህል ሞዴሏ ላይ ካሰፈሩ በእውነተኛዋ ልኬት ከ2 ሚሊሜትር በላይ ለጥፈዋል ማለት ነው። የበሩ መስመርና የቮልስ አርማ ይደፈናሉ። ክረምት ላይ አለመቀባት ይመረጣል፤ እርጥበት ያለው አየር ቀለሙን ያነጣዋል። መስኮት ሳይከፍቱና ጭምብል ሳያደርጉ መንፋት ደግሞ በየትኛውም ወር ክልክል ነው።

ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የቦሌ ፀሐይ መኪናን እኩል አያደበዝዝም። ጣሪያና ኮፈን ቀድመው ይነጣሉ፣ የበር ውስጠኛው ጠርዝ የመጀመሪያውን ቀለም ይዞ ይቆያል። ስለዚህ አንድ ቀለም ብቻ ቀብቶ መተው አያስኬድም፤ ለጣሪያው በጥቂት ነጭ የፈካ ሁለተኛ ቀለም ያስፈልጋል። ልዩነቱ በጭንቅ እስኪታይ ድረስ ብቻ። ጭቃና ዝገት መጨመር የሚወዱ አሉ፤ እኔ አልወደውም። በየሳምንቱ መኪናውን አጥቦ የሚያቆም ሰው ዝገት የተረጨበት ስጦታ ሲሰጡት ይከፋዋል፤ ጥፋቱም የእሱ አይደለም።

መኪናዋን የጓደኛዎ የሚያደርጋት የመጨረሻው ጥቃቅን ነው። ታርጋው ላይ ያለው ጽሑፍ፣ የፊት መስታወት ጥግ ላይ የተለጠፈው ቦሎ፣ መስታወቱ ሥር ያለው የማርያም ሥዕል፣ የተንጠለጠለው መቁጠሪያ፣ የኋላ ወንበር ዳንቴል። የሚታተሙትን በኮምፒውተር አሳንሶ ማተሚያ ቤት በስቲከር ወረቀት ላይ ማውጣት ይቻላል፤ የወረቀቱ ነጭ ጠርዝ እንዳይታይ በቀለም ይሸፈናል። ዳንቴሉ ከቀጭን የፋሻ ቁራጭ ይሠራል።

ለመጀመር ካሰቡ ካርቶኑን ከመግዛትዎ በፊት ፎቶውን ያንሱ። በተለይ ጓደኛዎ መኪናውን ለባትላሜራና ለቀለም ሊያስገባ ቀጠሮ ከያዘ ከዚያ በፊት ይድረሱ፤ ጋራዥ ገብታ የወጣች ቮልስ የቀድሞ ጉድጓዷን መልሳ አታሳይም።