የተጀመረ ሥራ እስኪፈጸም ድረስ ዕዳ ነው

ንግድ ከገበያ አደባባይ ወደ ሱቅ፣ ከሱቅም ወደ እጅ ስልክ መሸጋገሩን የማያውቅ ነጋዴ ዛሬ የለም። ቀድሞ አንድ ሰው ሱቅ ለመክፈት ሲያስብ ኪራዩን፣ መደርደሪያውን፣ ፈቃዱንና የዘበኛውን ደመወዝ አስቀድሞ ያሰላ ነበር። ወጪው ራሱ ልጓም ስለ ሆነበት በአንድ ወር ሦስት ሱቅ አይከፍትም ነበር። ዛሬ ግን የቴሌግራም ቻናል በሩብ ሰዓት ይከፈታል፤ የፌስቡክ ገጽ ያለ ክፍያ ይገኛል፤ ድረ ገጽም በጥቂት ቀን ይሠራል። ስለዚህ መጀመር እጅግ ረከሰ፤ መፈጸም ግን እንደ ጥንቱ ውድ ሆኖ ቀረ። በኢንተርኔት የሚነግዱ የብዙ ሰዎች ችግር የሚመነጨው ከዚህ ልዩነት ነው።

የተዘጋ ሱቅ በሩ ስለሚቆለፍ መንገደኛው አይቶ ያልፋል። ያልተፈጸመ ድረ ገጽ ግን ቀንና ሌሊት ክፍት ነው። ጎብኚው ዕቃውን ያያል፤ ዋጋውን ያነባል፤ ወደማይነሣ ስልክ ይደውላል። ከጅማ ወይም ከድሬዳዋ የሚያዝ ደንበኛ የንግድ ቤቱን ሰው በዐይኑ አላየም፤ ያየው ገጹን ብቻ ነው፤ ስለዚህ የባለቤቱን ታማኝነት የሚመዝነው በዚያ ነው። ደግሞም ቴሌብር በግንቦት ወር 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ገንዘብ መላክ የደቂቃ ጉዳይ ሆኗል። የማስረከቢያው ሥርዐት ሳይደራጅ ሽያጭ የጀመረ ነጋዴ የሰው ገንዘብ በእጁ ይገባና ዕቃውን በምን እንደሚልክ ያን ጊዜ ማሰብ ይጀምራል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205 በኤሌክትሮኒክ መልእክት ለሚደረግ ግብይት ሕጋዊ ዕውቅና የሰጠ ስለ ሆነ፣ በገጽ ላይ የተጻፈ ቃል እንደ ጨዋታ ሊታይ አይገባውም።

ይህ ጉዳይ በታላላቅ ኩባንያዎችም ላይ ታይቷል። በአሜሪካ ዌብቫን የሚባል ኩባንያ እ.ኤ.አ. በሰኔ 1999 በሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ የምግብ ሸቀጥ በኢንተርኔት እየተቀበለ ለየቤቱ ማድረስ ጀመረ። በኦክላንድ የሠራው የመጀመሪያው መጋዘን ትርፍ ማስገኘቱ ገና ሳይረጋገጥ፣ በሚቀጥለው ወር በ26 ከተሞች መጋዘን ለማሠራት የ1 ቢልዮን ዶላር ያህል ውል ተዋዋለ። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2001 ግን ከስሮ ተዘጋ። ኩባንያውን የጎዳው የገበያ ማጣት ብቻ አልነበረም፤ አንዱን ሳይፈጽም ሌላውን መጀመሩም ነበር። በአንጻሩ አማዞን እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1995 ሲከፈት የሚሸጠው መጽሐፍ ብቻ ነበር። ሙዚቃን በሸቀጡ ላይ የጨመረው በ1998 ሲሆን፣ እስከዚያ ድረስ ትእዛዝ መቀበልን፣ ማሸግንና መላክን በአንድ ዐይነት ዕቃ ተለማመደ። አባቶቻችን «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» ያሉት ለዚህ ይስማማል።

እኔ በጸሐፊነት በማገለግልበት የንግድ ቤት ለዚህ ጉዳይ አንድ መዝገብ ተከፍቷል። መዝገቡ አምስት ዐምድ አለው፤ የሥራው ስም፣ የተጀመረበት ቀን፣ ሥራው ተፈጸመ የሚባለው ምን ሲሆን እንደ ሆነ፣ ኀላፊው ማን እንደ ሆነና የሚፈጸምበት ቀን ይጻፍበታል። ከሁሉ የሚከብደው ሦስተኛው ዐምድ ነው። «ድረ ገጽ ማሠራት» ተብሎ ቢጻፍ መጨረሻ የለውም። «40 ዐይነት ዕቃ ከነፎቶግራፉና ከነዋጋው ወጥቶ፣ አንድ የማናውቀው ደንበኛ አዝዞ፣ ከፍሎ፣ ዕቃውንና ደረሰኙን ሲረከብ» ተብሎ ሲጻፍ ግን ሥራው መፈጸሙን ወይም አለመፈጸሙን ማንም ሊፈርድ ይችላል። ደንባችንም ሁለት ያልተፈጸሙ ሥራዎች ካሉ ሦስተኛው እንዳይመዘገብ ነው። የንግድ ቤቱ ባለቤት አዲስ ሐሳብ ይዘው ሲመጡ መዝገቡን ገልጬ አቀርብላቸውና የትኛው እንዲሰረዝ እንደሚፈቅዱ እጠይቃቸዋለሁ። አንዳንድ ጊዜ ቅር ይላቸዋል፤ ሆኖም ደንቡን ያወጡት እርሳቸው ናቸው።

የተፈጸመ ሥራም ጠባቂ ይሻል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በዚያው ቀን ከ74 ብር በላይ ሆነ። በእንዲህ ያለ ቀን በአራት ገጽ ላይ ዋጋ የለጠፈና ለአንዱም ኀላፊ ያልመደበ አስመጪ፣ በአሮጌ ዋጋ ቢሸጥ ይከስራል፤ አልሸጥም ቢል ቃሉን ያጥፋል። አንድ ገጽ ብቻ ያለው፣ ጠባቂውንም የሚያውቅ ሰው ግን በአንድ ሰዓት ውስጥ ያስተካክላል።

«ንግድ ፍጥነት ይጠይቃል፤ ያልጠቀመ ነገር ሁሉ ይፈጸም ከተባለ ሌላ ኪሳራ ነው» የሚል ይኖራል። እውነት ነው። ያልጠቀመን ሥራ በግልጽ መዝጋትም መፈጸም ነው። አማዞን እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣውን የእጅ ስልክ ገበያ ባጣ ጊዜ በሚቀጥለው ዓመት መሸጡን አቆመ። ዘግቶ መውጣት ነውር የለበትም፤ ነውሩ ሳይዘጉ መተው ነው። የሚዘጋ ገጽ ቢኖር የተከፈለ ገንዘብ ይመለስ፤ የቀረ ዕቃ ይላክ፤ ደንበኛው ወዴት እንደሚሄድ በአንድ መስመር ይነገረው።

እንግዲህ እያንዳንዱ ነጋዴ በዚህ ሳምንት በስሙ የተከፈቱትን ገጾችና ቻናሎች ሁሉ በአንድ ወረቀት ላይ ይዘርዝር። የማን ስልክ ቁጥር እንደ ተጻፈባቸው፣ የይለፍ ቃላቸውም በማን እጅ እንዳለ ያረጋግጥ። ከዚያም በእያንዳንዱ አጠገብ «ይፈጸም» ወይም «ይዘጋ» ብሎ ቀኑን ይጻፍ። ሦስተኛ ቃል አያስፈልግም።